ለአቃቂ 18 ጉድጓድ ሳይሆን አንድ 7 ቁጥር ዱላ

አዲስ አበባ ውስጥ ጎልፍ በተነሳ ቁጥር ወሬው ወዲያው ወደ መሬት ይሄዳል። የት ይሠራ፣ ስንት ሄክታር ይውሰድ፣ ማን ያልማው፣ ስንት ቱሪስት ያመጣል ይባላል። የሚቃወመውም ቢሆን የሚከራከረው ስለዚያው መሬት ነው፤ "ሰው መጠለያ አጥቶ ለኳስ መንከባለያ?" ይላል። ደጋፊውም ተቃዋሚውም አንድ ነገር ላይ ግን ሳያውቁት ተስማምተዋል። ጎልፍ ማለት የግድ 18 ጉድጓድ ያለው ሰፊ ሜዳ፣ በዱላ የታጨቀ ቦርሳና ቦርሳውን የሚሸከም ሰው ነው ብለዋል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጨዋታው የሚሸነፍበትና የሚረታበት ቦታ ብዙ ጊዜ ከጉድጓዱ አሥርና አሥራ አምስት ሜትር ርቀት ላይ ነው። እዚያ ጉልበት አይጠየቅም፤ ሰፊ መሬትም አያስፈልግም። የሚፈለገው ትንሽ ምትና ለዚያች ምት የሚሆነውን ዱላ መምረጥ ነው። ምቷ "ቺፕ" ትባላለች። ለቺፕ ዱላ የሚመረጥበትን መንገድ በደንብ የተረዳ ሰው፣ አቃቂ ቃሊቲን በመሰለ ክፍለ ከተማ ልጆችን ከዚህ ስፖርት ጋር ለማስተዋወቅ ምን ያህል ጥቂት ነገር እንደሚበቃ ይገባዋል።

መጀመሪያ ምቷን እንወቃት። በጎልፍ እያንዳንዱ ጉድጓድ የሚገኘው ሣሩ እስከ መሬት ተጠግቶ በታጨደ ቦታ ላይ ነው፤ ይህ ቦታ ግሪን ይባላል። ተጫዋቹ ከሩቅ መትቶ ኳሷን ግሪኑ ላይ ለማሳረፍ ይሞክራል። ብዙ ጊዜ ግን ጥቂት ሜትር ታጥርበታለች፣ ወይም ታልፍበታለች፣ ወይም ወደ ጎን ትወጣበታለች። በዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች በሚወዳደሩበት የአሜሪካው ፒጂኤ ቱር እንኳ፣ ለዚያ በተመደበው የምት ቁጥር ግሪን ላይ መድረስ የማይሳካው በአማካይ ከሦስት ጉድጓድ በአንዱ ነው። ጀማሪማ ሁሉንም ሊስት ይችላል። እንዲህ ሲሆን ኳሷን ከረዘመው ሣር ብድግ አድርጎ፣ ግሪኑ ላይ ጣል አድርጎ፣ የቀረውን መንገድ እየተንከባለለች እንድትሄድ ማድረግ ያስፈልጋል። ቺፕ ይኸው ነው።

የጎልፍ ዱላዎች ዋና ልዩነት የብረቱ ፊት ወደ ኋላ የተጋደመበት መጠን ነው። 7 ቁጥር የሚባለው ዱላ ከ30 እስከ 34 ዲግሪ ገደማ ይጋደማል። 9 ቁጥር 40 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፒቺንግ ዌጅ የሚባለው 45 ገደማ፣ ለአሸዋ የተሠራው ሳንድ ዌጅ 55 ገደማ፣ ከሁሉም የተጋደመው ሎብ ዌጅ ደግሞ 60 ይደርሳል። ፊቱ ይበልጥ በተጋደመ ቁጥር ኳሷ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ወርዳም ቶሎ ትቆማለች። ፊቱ ቀና ባለ ቁጥር ዝቅ ብላ ትሄዳለች፤ ካረፈች በኋላም ትሮጣለች።

ጀማሪው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በቴሌቪዥን ያየው ኳሷ ወደ ሰማይ ተወርውራ ጉድጓዱ አጠገብ ጠብ ስትል ነው። ስለዚህ ካለው ሁሉ በጣም የተጋደመውን ዱላ ያነሳል። ያ ዱላ ግን ኳሷን ወደ ላይ እንጂ ወደ ፊት ብዙ አይወስዳትም፤ አሥር ሜትር ለማስኬድ እጅን በኃይል መሰንዘር ይጠይቃል። በኃይል የተሰነዘረ ዱላ ደግሞ ስህተትን ይቅር አይልም። ጥቂት ወደ ታች ከወረደ አፈር ይቆፍርና ኳሷ እግር ሥር ትቀራለች። ጥቂት ከፍ ካለ የብረቱ ጠርዝ የኳሷን ሆድ መትቶ ግሪኑን ተሻግራ እንድትፈተለክ ያደርጋታል። በ7 ቁጥር ለተመሳሳይ ርቀት የሚያስፈልገው ግን መጥረጊያ እንደመሰንዘር ያለች ትንሽ እንቅስቃሴ ናት። ምቷ ትንሽ ስለሆነች ስህተቷም ትንሽ ነው፤ የተበላሸች ቺፕ እንኳ ጉድጓዱ አካባቢ ልትደርስ ትችላለች።

ለምርጫው ደግሞ ተጫዋቾች ሲቀባበሉት የኖሩት ቀላል ሒሳብ አለ፤ የአሥራ ሁለት ሕግ ይሉታል። ከ12 ላይ የዱላው ቁጥር ይቀነሳል። የሚቀረው ቁጥር፣ ኳሷ በአየር ከሄደችው ርቀት ስንት እጥፍ እንደምትንከባለል ይናገራል። 7 ቁጥር ከሆነ 5 ይቀራል፤ አንድ እጅ በአየር፣ አምስት እጅ በመሬት ማለት ነው። 9 ቁጥር ከሆነ ሦስት እጥፍ ትሮጣለች። ፒቺንግ ዌጅ እንደ 10 ቁጥር ስለሚቆጠር ሁለት እጥፍ ብቻ ይሆናል።

በምሳሌ እንየው። ኳሷ ከግሪኑ ጠርዝ ሁለት ሜትር ውጭ ናት። ተጫዋቹ ጠርዙን አንድ ሜትር አልፋ እንድታርፍ ፈልጓል፤ ስለዚህ በአየር የምትሄደው ሦስት ሜትር ነው። ከማረፊያዋ እስከ ጉድጓዱ አሥራ አምስት ሜትር ካለ አምስት እጥፍ ነውና 7 ቁጥር ያነሳል። ዘጠኝ ሜትር ከሆነ 9 ቁጥር፣ ስድስት ሜትር ከሆነ ፒቺንግ ዌጅ ይሆናል። ዳገት ከሆነ አንድ ቁጥር ዝቅ፣ ቁልቁለት ከሆነ አንድ ቁጥር ከፍ ይላል። ሎብ ዌጅ ተራው የሚደርሰው በኳሷና በጉድጓዱ መካከል የአሸዋ ጉድጓድ ወይም ሌላ እንቅፋት ኖሮ፣ መንከባለያ ቦታ ሲጠፋ ብቻ ነው። መርሁ ባጭሩ ይህ ነው፤ ኳሷን አስፈላጊ ከሆነው በላይ አታንሳት፣ መሬት ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ለመሬት ተወው።

በዚህ የማይስማሙ ታላላቆች አሉ። ስድስት ጊዜ የታላላቆቹን ውድድሮች ዋንጫ ያነሳው ፊል ሚክልሰን ግሪን ዙሪያ ላለው አብዛኛው ሥራ አንድ በጣም የተጋደመ ዌጅ በቂ ነው ብሎ ያስተምራል። ዱላውን ከመለዋወጥ ይልቅ እጅህን አሠልጥነው ነው የሚለው። ሊናቅ የማይገባ ሐሳብ ነው፤ አንድን መሣሪያ አብጠርጥሮ ማወቅ አሥሩን በጨረፍታ ከማወቅ ይሻላል። ይሁንና ሚክልሰን ልጅ ሳለ አባቱ እቤታቸው ጓሮ ግሪን ሠርተውለት ነበር። ከትምህርት ቤት መጥቶ እስኪመሽ የሚመታ ልጅ በ60 ዲግሪ ዱላ ተአምር ቢሠራ አይገርምም። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሱም ሜዳ ከተገኘ ለሚጫወት ልጅ ግን ምክሩ አይሆንም። ከሚክልሰን መውሰድ የሚገባው "አንድ ዱላ" የሚለውን ነው። የትኛው ዱላ የሚለውን ግን የልጁ ሁኔታና የቆመበት አፈር ይወስኑታል።

አፈሩ ደግሞ የአቃቂ አፈር ነው። ከአቃቂ ወደ ደብረ ዘይት የሚዘረጋው ሜዳ ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅል ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ይደርቅና እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በክረምት ጫማ ይነጥቃል። ሳንድ ዌጅ ሆዱ ወፈር ያለ ሆኖ የተሠራው አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ ነው። ያ ወፍራም ሆድ በደረቀ ዋልካ ላይ ሲያርፍ ነጥሮ ይነሳና የብረቱ ጠርዝ ኳሷን ወገቧ ላይ ይመታታል። ሆዱ የሳሳ ዌጅ ደግሞ እርጥብ ጭቃ ውስጥ እንደ ዶማ ይገባል። 7 ወይም 8 ቁጥር፣ ኳሷን ወደ ቀኝ እግር ጠጋ፣ እጅን ከኳሷ ጥቂት ቀደም አድርጎ ለሚመታ ቀኝ እጅ ተጫዋች፣ ከሁለቱም አደጋ ብዙውን ይቀንስለታል።

ስለ ከፍታውም አንድ ነገር ማለት ይገባል። ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሩቅ ምት 10 በመቶ ገደማ ይረዝማል። ይህ ሰፊ ሜዳ ለሚሠራ ሰው ተጨማሪ መሬት ማለት ነው። ቺፕ ግን በአየር የምትሄደው ሦስት አራት ሜትር ስለሆነ ከፍታው አይነካትም። በባሕር ዳርቻ የተማራት ሰው አቃቂም ያውቃታል፤ አቃቂ የተማራትም የትም አገር ይዟት ይሄዳል።

ሣሩስ? በሞቃት አገሮች የጎልፍ ሜዳዎች ላይ በብዙ ገንዘብ የሚተከለው በርሙዳ የሚባለው ሣር ከእኛው ሰርዶ ጋር አንድ ዘር ነው። ገበሬው ከማሳው ነቅሎ የሚጥለው፣ እየተረገጠ የሚበረታው፣ ድርቅ የማይገድለው ሰርዶ። አቃቂ ለዚህ የሣር ዘር ከውጭ ማስመጣት አያስፈልጋትም።

ጠምዛዛ ዱላ ይዞ ኳስ መምታትም ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። የገና ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ከጫካ መርጦ መቁረጥ፣ ከቁመቱና ከክንዱ ጋር ማስተያየት፣ ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራችውን ጥንግ መሬት ለመሬት እያስሮጡ ማቀበል ምን እንደሆነ ያውቃል። በገና ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ እኩል ናቸው ይባል የነበረውም በከንቱ አልነበረም፤ ዱላው ከዛፍ ስለሚቆረጥ ድሃው የሚያጣው ነገር አልነበረም። ኳሷን ብዙ ሳያነሱ በመሬት ማስሮጥ ይህ አገር ለዘመናት የተጫወተው ነገር ነው። 7 ቁጥሩን የሚይዝ የአቃቂ ልጅ ከባዶ አይጀምርም።

ጎልፍ በዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። አጼ ምኒልክ ለእንግሊዝ በሰጡት ሰፊ የኤምባሲ ግቢ ውስጥ የጎልፍ ሜዳ መኖሩን ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ሰምቷል። ያየው ግን ጥቂት ነው። ጨዋታው በግንብ ውስጥ ስለኖረ የግንብ ውስጥ ጨዋታ መስሎ ቀረ። እግር ኳስም ሣር ያለው ሜዳ፣ ሹል ጫማና የቆዳ ኳስ እስኪሟላ ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ፣ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ያደገ ተጫዋች በየሰፈሩ ባልኖረ ነበር።

ወጪውን ደግሞ እንመልከት። የጨዋታው ሕግ አንድ ተጫዋች ከ14 ዱላ በላይ እንዳይዝ ይከለክላል። 14 ጣሪያው ነው፤ ወለል ግን የለውም። በአንድ ዱላ መጫወት የሚከለክል ሕግ የለም። ሱቆች ግን ጣሪያውን እንደ ግዴታ አድርገው ይሸጡታል። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ሙሉ ቦርሳ ለአንድ ትምህርት ቤት የሚታሰብ ነገር አይደለም። የአገሪቱ ገቢ ዕቃ በሚፈተሽበት በቃሊቲ ጉምሩክ በር አጠገብ የሚያድግ ልጅ ያን ቦርሳ ከኮንቴይነር ሲወርድ ሊያየው ይችል ይሆናል እንጂ አይገዛውም። ያገለገሉ አሥር 7 ቁጥር ዱላዎች ግን ሌላ ነገር ናቸው። አሥር ልጆች በአንድ ሰዓት ይማሩባቸዋል፤ ቀጣዮቹ አሥር ልጆች በቀጣዩ ሰዓት።

የአቃቂ መለዋወጫ ፋብሪካና የቃሊቲ ብረታ ብረት ባሉበት አካባቢ፣ ብረት መበየድ ለሰው እንደ እንጀራ መጋገር በሆነበት ሰፈር፣ ያገለገለ ዱላ ቢጠፋ እንኳ ተስፋ አይቆረጥም። ቀጭን የብረት ቱቦና 32 ዲግሪ ተጋድሞ የተበየደ ጠፍጣፋ ብረት ለዓለም አቀፍ ውድድር ሕጋዊ ላይሆን ይችላል። ልጅን ቺፕ ለማስተማር ግን ይበቃል። ለቴክኒክና ሙያ ተማሪም ማዕዘን ልኬትን በተግባር የሚማርበት ጥሩ የቤት ሥራ ይሆናል።

ይህ ለድሃ የተፈጠረ ማጽናኛ ነው የሚል ካለ ሴቬ ባየስቴሮስን ይመልከት። በሰሜን ስፔን ፔድሬኛ በምትባል መንደር የገበሬ ልጅ ሆኖ ያደገው ሴቬ፣ ጎልፍን የተማረው በአንድ አሮጌ 3 ቁጥር ዱላ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ነው። ለከፍታ ምት የማይሆነውን ቀና ዱላ ይዞ ሁሉንም ዓይነት ምት ከውስጡ አወጣ። በኋላ ሦስት ጊዜ የብሪታንያውን ኦፕን፣ ሁለት ጊዜ የአሜሪካውን ማስተርስ ሲያሸንፍ ዓለም ያደነቀው ግሪን ዙሪያ የነበረውን ብልሃት ነበር። ጉልበት የለኝም ለሚል ደግሞ ፖል ራንያን አለ። እ.ኤ.አ. በ1938 በፒጂኤ ሻምፒዮና ፍጻሜ ከእሱ እጅግ አርቆ ይመታ የነበረውን ሳም ስኒድን ገጠመ። ጨዋታው ሊያልቅ ሰባት ጉድጓድ ሲቀረው በስምንት መርቶ አሸነፈው። የራንያን መሣሪያ አጭር ምት ነበረች።

አሁን ወደ መሬቱ ክርክር እንመለስ። ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ብዙውን ጊዜ ከ50 ሄክታር በላይ ይወስዳል፤ ይህ ወደ 70 የሚጠጉ የእግር ኳስ ሜዳዎች ነው። ሣሩ በበጋ ውሃ ይፈልጋል። አቃቂ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጉድጓድ ያለባት አካባቢ ናት፤ ከከርሰ ምድሯ የሚወጣው ውሃ አዲስ አበባን ከሚያጠጡት ዋና ምንጮች አንዱ ነው። ነዋሪው ጀሪካን ደርድሮ ተራ በሚጠብቅባት ከተማ ያን ውሃ 50 ሄክታር ሣር ላይ አፍስሱ የሚል ሰው አዳማጭ ባያገኝ ተገቢ ነው። ተቃዋሚዎቹ በዚህ ልክ ናቸው።

የቺፕ መለማመጃ ግን በወርድ 20፣ በቁመት 30 ሜትር ይበቃዋል። 600 ካሬ ሜትር ነው፤ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ውስጥ 11 ያህል ይገባል። አጥሮ የታጨደ ሰርዶ፣ መሬት ውስጥ የተቀበሩ ሦስት አራት ጣሳዎች፣ ዙሪያውን ረዘም ያለ ሣር። የሕጉ ጉድጓድ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከዚያ ብዙም ያልራቀ ጣሳ ለመማሪያ ይሆናል። በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መካከል፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ፣ ወይም "ሣሩን አይርገጡ" የሚል ታፔላ ከሚተከልባቸው ቦታዎች በአንዱ ይህን ያህል መሬት መፈለግ ተአምር አይጠይቅም።

ሁለት ተቃውሞዎች መልስ ይገባቸዋል። አንደኛው የደህንነት ነው። የጎልፍ ኳስ ጠንካራ ናት፤ ከሩቅ የተመታች ኳስ ሰው ልትጎዳ፣ መስኮት ልትሰብር ትችላለች። ሙሉ ምት በሰፈር መካከል መፍቀድ ሞኝነት ነው። ይህ ራሱ ግን ዝቅ ብሎ የሚያስሮጠውን ዱላ ለመምረጥ ተጨማሪ ምክንያት ነው። 60 ዲግሪ ዌጅ የሚሰነዝር ጀማሪ ኳሷን በስህተት ሊያፈተልካት ይችላል፤ በ7 ቁጥር በትንሹ የሚመታ ግን ኳሷን ከጉልበት በላይ ብዙም አያነሳትም። ልጆቹ ከመቺው ኋላ ይቁሙ፤ ለትንንሾቹ ደግሞ የጨርቅ ኳስ ይበቃል።

ሁለተኛው ከባዱ ነው። የትራንስፖርት ሰልፍ፣ የቤት ኪራይ፣ የፋብሪካ ጭስና የተበከለ ወንዝ ባለበት ክፍለ ከተማ ስለ ጎልፍ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? ስለ 50 ሄክታር ቢሆን ይሆናል። ስለ 600 ካሬ ሜትርና አሥር አሮጌ ዱላ ግን አይሆንም። የአቃቂ ልጅ መጫወቻ የሚገባው ሌላው ችግር ሁሉ ከተፈታ በኋላ ነው የሚል ሰው ልጁ እስኪያረጅ ይጠብቃል። ኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎቿን በሙሉ ያገኘችው በአትሌቲክስ ነው። ኩራት ነው፤ ነገር ግን እግሩ ፈጣን ያልሆነ፣ እጁ ግን ረቂቅ የሆነ ልጅ ምን ይሁን የሚለውን ጥያቄ አይመልስም። ጎልፍ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ወደ ኦሊምፒክ ተመልሷል። ከአቃቂ ኦሊምፒያን ይወጣል ብሎ ቃል መግባት ዋሾነት ነው። በሩ ሳይከፈት ማንም እንደማይገባ መናገር ግን ዋሾነት አይደለም።

በሁለቱም ወገን ያለው አመለካከት "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" እንዳለችው አህያ ነው። አንዱ ሙሉው ሜዳ ካልተሠራ ጎልፍ የለም ይላል። ሌላው ሙሉው ሜዳ ቅንጦት ስለሆነ ጎልፍ ይቅር ይላል። በመካከሉ ሰርዶው በቅሎ የሚጫወትበት ጠፍቷል።

ስለዚህ ሥራው ግልጽ ነው። የክፍለ ከተማው የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ከአንድ ትምህርት ቤት ጋር ተነጋግሮ አንድ ጥግ ያስከልል። በውጭ የሚኖሩ ወገኖች ቤታቸው ጥግ አቧራ የጠጣ 7፣ 8 ወይም 9 ቁጥር ዱላ ካላቸው ለአገር ቤት በሚመጡበት ጊዜ ሻንጣቸው ውስጥ ይክተቱ፤ ዌጁን ይተዉት። አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የአሥራ ሁለትን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያስተምር። ልጁ ኳሷን ያያል፣ የምታርፍበትን ይመርጣል፣ እስከ ጣሳው ያለውን በእርምጃ ይለካል፣ ያካፍላል። የሒሳብ ክፍለ ጊዜም ይሆናል።

ሜዳው ትልቅ መሆን ካለበት ልጆቹ ካደጉ በኋላ ይጠይቁት። የዚያን ጊዜ ጥያቄው የባለሀብት ወይም የቱሪስት መሆኑ ይቀርና የአቃቂ ልጆች ጥያቄ ይሆናል። ለዛሬ አንድ ጣሳ ቅበሩ፣ 7 ቁጥሩን አቀብሏቸው።